እንድሪስ ያልተኛበት ድንኳን

በፀሐይ የጋለ የድንኳን ጨርቅ ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ? አዲስ ላስቲክ፣ ትንሽ ጋዝ፣ ትንሽ የተረገጠ ሣር። ባለፈው ሳምንት ከደሴ የመጡ ወጣቶች ደንቆሮ ጫካ አፋፍ ላይ ድንኳን ተክለው እየተዝናኑ ነው የሚል ወሬ መካነ ሰላም ሲደርስ፣ እኔ ገበያ ልወጣ ዘንቢል አንጠልጥዬ ነበር። ዘንቢሉን እዚያው በረንዳ ላይ ጣልኩት። ልጄ፣ "እማዬ፣ ጉልበትሽን እያመመሽ የት ልትሄጂ ነው? ምናለ አንድ ቀን እንኳ አርፈሽ ብትቀመጪ?" አለችኝ። አርፎ መቀመጥ! ይህን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። እናቴ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ትለኝ ነበር፤ ባሌም ይለኝ ነበር፤ ጅዳ ያለችው አሠሪዬም በዐረብኛ ትለኝ ነበር። አንዳቸውም አላስቀመጡኝም። ወደዚያ የሚወጣ መኪና ፈልጌ ጋቢና ገባሁ፤ የቀረውን ዳገት እያነከስኩ ወጣሁት።

ድንኳኖቹ የቆሙት እዚያችው እኔ የማውቃት ጉብታ ላይ ነው። ከጀርባዋ የአስታው ቁጥቋጦና ጅብራው፣ ከሥሯ የአክስቴ መንደር። አንዱ ጎረምሳ ፀጉሩን አንጨብርሮ፣ ቁምጣ ለብሶ በዚያ ብርድ፣ ብቻ ፈገግታው ደስ ይላል፣ "እማማ፣ ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ። ድንኳን ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?" አለኝ። ሳቄ መጣ። "ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ እኔ እዚችው ጉብታ ላይ ድንኳን ተክያለሁ" አልኩት። "ለካምፒንግ?" አለ። "ለካምፒንግ" አልኩት። አላመነኝም፤ ሲያዩኝም አያስታውቅብኝም መቼም። አንገቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ያ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ እኔም በሐሳብ ወደዚያን ጊዜ ሄድኩ።

ያን ጊዜ ማለት መንግሥት ተለውጦ፣ ጦርነቱ አልፎ፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ልሥራ፣ አንድ ቦታ ልሂድ የሚልበት ዘመን ነው። መካነ ሰላም መብራት የነበራት ማታ ማታ ብቻ ነው፤ እሱም ሲፈልግ። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ጠዋት ተነስቶ ሊመሽ ሲል ነበር የሚደርሰው። አቀስታ ላይ ለምሳ ሲያቆም ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሰው ሁሉ በአንድ ብር ሻይ በዳቦ እየበላ መኪናው ሥር ይሰበሰባል። ሴቱ የሚለብሰው አበባ አበባ ያለበት ሻርፕና የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነው። ከዐረብ አገር የተመለሰች ግን ከሩቅ ትታወቃለች፦ ጥቁር አባያ፣ ወርቅ፣ ሽቶ፣ አንዲት የማትከፈት የምትመስል ትልቅ ሻንጣ። ልጃገረዱ ሁሉ እሷን አይቶ እንቅልፍ ያጣል። እኔማ ድሮም እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወደ ጅዳ ሄድኩ።

ጅዳ ባሕር ዳር ነው፤ ሙቀቱ አይወራም። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ እዚያ ልብሴን በቀን ሁለቴ እቀይር ነበር። ክረምታቸው ሲመጣ ግን፣ ማለት ለነሱ ብርድ ለኛ ደግሞ ወግ ያለው አየር፣ አሠሪዬ ማዳም "እቃ አዘጋጂ" ትለኛለች። ነጭ ካራቫን ነበራቸው፣ ጎኑ ላይ ቡናማ መስመር ያለው። ቤት ነው እኮ! ጎማ ያለው ቤት። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ መጋረጃ ሳይቀር። ባሏ ከትልቁ መኪና ኋላ ያስረውና ከባሕሩ ተነስተን ተራራውን መውጣት ነው። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ ዝንጀሮዎች ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ከልጆቻቸው፣ ከነማዳም ልጆች፣ ሙዝ ይቀበላሉ። ከዚያ ድንገት ጥድ! ጉም! እኔ መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን አውጥቼ፣ "ሀገሬ ነው ይሄ፣ ወላሂ ሀገሬ ነው" እላለሁ፤ ልጆቹ ይስቁብኛል። ከካራቫኑ አጠገብ ለወንዶቹ ድንኳን ይተከላል። ካስማውን መሬት ውስጥ የምመታው፣ አውታሩን የምወጥረው እኔ ነኝ፤ ሾፌራቸው ሰነፍ ነበር። ሊመሽ ሲል ከታች የከተማው መብራት እስከ ባሕሩ ተዘርግቶ ይታያል። እነሱ ሥጋቸውን ይጠብሳሉ፣ ይጫወታሉ። ቤት አላቸው፣ ያውም ፎቅ፣ ግን ሜዳ ላይ ለማደር ይህን ሁሉ መንገድ ይመጣሉ። መጀመሪያ እብደት መሰለኝ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ገባኝ፦ ሰው ከግድግዳ መውጣት ያምረዋል። እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው፣ አልኩ።

ይህን ሁሉ የምነግረው ለእንድሪስ ነበር። እንድሪስ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከእናታችን ሌላ ያለኝ እሱ ብቻ። ያኔ ስልክ ቤት ተሰልፎ ሁለት ቃል መነጋገር እንጂ እንደ ልብ ማውራት የለም፤ ስለዚህ ድምፃችንን በካሴት እየቀዳን በሚመጣ ሰው እንላላካለን። እኔ ማዳም ስትተኛ ማብሰያ ቤት ቁጭ ብዬ እቀዳለሁ፤ እሱ እዚህ የጎረቤት ቴፕ ተውሶ ይቀዳል። ከበስተጀርባው ዶሮ ይጮኻል፣ እናቴ "ጤናዋን ጠይቃት እንጂ አንተ!" ትላለች፣ እሱ ግን ስለ ካራቫኑ ነው የሚጠይቀኝ። "ጎማው ስንት ነው? መስታወት አለው? ወላሂ እቴ፣ ቤቱን ባታመጪው እንኳ ድንኳኑን አምጪልኝ። ደንቆሮ ጫካ አፋፍ ላይ፣ ከአክስታችን መንደር በላይ ያለችዋ ጉብታ፣ እዚያ ተክለን እናድራለን። ጭላዳ ዝንጀሮውን እያየን ቱና እንበላለን።" መጨረሻ ላይ አንድ አምባሰል ያንጎራጉርና ይስቃል፤ ድምፁ ጥሩ አልነበረም። ያን ካሴት እስኪላላጥ ሰማሁት።

ነገሩን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ እኔ ላይ የሆነው በእናንተ እንዳይሆን። ድንኳኑን ገዝቼ ለሁለት ወር ፈቃድ ሀገሬ ስገባ እንድሪስ በሕይወት አልነበረም። ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ወባ ጣለው፤ እዚያው ተቀበረ። ይህን መካነ ሰላም ያውቃል፣ የአክስቴ መንደር ያውቃል፣ አቀስታ ድረስ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የኛ ሰው ስደት ላይ ላለ ሰው ሞት አይናገርም፤ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ አንድ ነገር እንዳይሆን ብሎ። መርዶ የሚረዳው ሀገሩ ሲገባ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት። እናቴ ደግሞ ከዚህ ብሳ፣ "እህቱ ሳትመጣ ለልጄ ድንኳን አይተከልም" ብላ፣ የሰፈሩ የለቅሶ ማኅበር፣ ቅሬው፣ ድንኳን ይዞ ቢመጣ ከደጅ መልሳው፣ ለቅሶውን ቤት ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ዘመዱ ሁሉ ያን ድንኳን እየጠበቀ ነበር። መርዶውን ማርዳት ያለበት የእናቴ ወንድም አያ ሁሴን ነው፤ እሱ ደግሞ አቀስታ ታሞ ተኝቷል። "ትንሽ ይሻለውና ይመጣል፤ ልጅቷም እስከዚያ ትንሽ ሥጋ ታውጣ" ተባለ። እኔን "እንድሪስ ሑመራ ነው፣ አጨዳው አላለቀም፣ በረሃ ውስጥ ስልክ የለም" አሉኝ። አመንኩ። ለምን አላምን?

ቤቱ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ሰው ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ ገና ሲያየኝ እንባው ይመጣል። ናፍቆት ነው ብዬ አቅፋቸዋለሁ። ሻንጣዬን ከፍቼ ለእንድሪስ ያመጣሁትን ጃኬት ሳሳይ ሴቶቹ ይነሳሉ፣ "እስቲ ደጅ ወጣ ልበል" ይላሉ። እኔ ደግሞ መቀመጥ የማልወደው ሰው፣ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ። የፈቃዴ ቀን እያለቀ ነው፤ እሱ ሳይመጣ ልመለስ ነው እያልኩ እበግናለሁ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ድንኳኑን ከሻንጣው አወጣሁት፤ ሰማያዊና ቢጫ ነበር። "አፋፉ ላይ ወጥቼ እተክለዋለሁ" አልኩ። "እንድሪስ ሲመጣ ቦታውን ለይቼ ልጠብቀው፤ ብቻዬን መትከል አቅቶኝ እንዳይስቅብኝ።"

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። "ምን ልትተክይ?"

"ድንኳን ነዋ።"

"አይሆንም። ድንኳን አትትከይ፣ ልጄ። ድንኳን ዝም ብሎ አይተከልም። አያ ሁሴን እስኪመጣ ጠብቂ።"

"አያ ሁሴን ደግሞ ከድንኳን ምን አገናኘው? እማ፣ ይሄ የለቅሶ አይደለም፣ የመዝናኛ ነው። ሠለጠኑ እኮ ሰዎቹ!"

"እባክሽ አርፈሽ ተቀመጪ" አለች። እኔ ደግሞ ያቺን ቃል ሰማሁና አበቃ። ጓደኛዬን ሮማንን ጠራኋት። ሮማን አብራኝ የተማረች ናት፣ ቤታቸው ከኛ በአንድ አጥር ነው፤ ክርስቲያን ናት ግን ከኔ በላይ "ወላሂ" ትላለች። እናቴ በር ላይ ያዘቻትና በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገረቻት። "ምን አለችሽ?" ብላት፣ "ጠብቂልኝ ነው ያለችው" አለች። ዐይን ዐይኔን ግን አላየችም።

በጭነት አይሱዙ ላይ ከጨው ከረጢት ጋር ተቀምጠን ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ሮማን ባለ ወሬዋ መንገዱን ሁሉ የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥርና ስትፈታ ነበር። "ምን ሆነሻል አንቺ? ብርድ ፈራሽ?" እላታለሁ። "አብሽሪ፣ ምንም አልሆንኩ" ትላለች። ጉብታዋ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ድንኳኑን ሲነፋው እንደ እምቢተኛ ላም ይጎትተኛል፤ ካስማውን በድንጋይ እየመታሁ ሮማንን እጮህባታለሁ፣ "ያዢ እንጂ! በዚያ በኩል! አቤት አንቺ!" በመጨረሻ ቆመ። ወላሂ ቆንጆ ነበር። ሰማያዊው ከሩቅ ይታያል፤ ያን የመሰለ ቀለም ያ አገር አይቶ አያውቅም። ገብተን ዚፑን ዘጋሁት፤ ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ ሮማን ፊት ላይ ወደቀ። "ይህቺ የእንድሪስ ቦታ ናት" አልኩ በግራ በኩል እየመታሁ፣ "እኔ በዚህ፣ አንቺ ከመሐል፤ ካልፈራሽ።" ሮማን ዚፑን ከፍታ ወጣች። "አፈነኝ" አለች። ቱና ከፈትኩላት፤ ዳቦውን በእጇ ይዛ አልበላችም።

እንደተቀመጥን ከታች ከአክስቴ መንደር ሰዎች መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ብዙ፣ በነጭ በነጭ፣ ዳገቱን ተያይዘው። "ሮማን፣ እይ! ሠርግ ነው እንዴ?" አልኩ። ሮማን ተነሳች። ቀረብ ሲሉ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሯል፣ ለለቅሶ እንደሚለበሰው። አንድ ቀጭን ሰውዬ ዳቦ ያለበት ሞሰብ ተሸክሟል። ገባኝ አልኩ። ድንኳን ሲያዩ ሞት መሰላቸው! ሳቄ አፈነኝ። ለእንድሪስ ስነግረው እንዴት እንደሚንከተከት እያሰብኩ ጉብታው ጫፍ ላይ ቆሜ፣ ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ ጮህኩ፦ "ኧረ ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም! ካምፒንግ ነው!"

ቆሙ። ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ባለ ሞሰቡ ሰውዬ "ምን አለች?" ሲል ሰማሁት። ከፊት አክስቴ ሰይዳ ነበረች፣ የአባቴ እህት። እኔን አየች፣ ድንኳኑን አየች፣ ከዚያ ሮማንን አየች። "ሮማን… አልነገሯትም እንዴ?" አለች። ሮማን መሬት ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ምኑን?" አልኩ። "ምኑን ነው የምትነግሩኝ?" አክስቴ ደረቷን መታች፣ "እንድሪሴ! እህትህ መጣችልህ፣ ድንኳንህን ተከለችልህ!" ብላ ጮኸች፤ የተጠራቀመ ለቅሶ ሁሉ አንድ ላይ ፈነዳ። እኔ ቆሜ ነበር። ሳቁ ገና ፊቴ ላይ ነበር፤ አሁንም ድረስ ያ ሳቅ ፊቴ ላይ እንደነበር ይታወቀኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሮማን ናት የነገረችኝ። መሬቱን በጥፍሬ ቧጨርኩት አለች፤ ካስማውን እየነቀልኩ "አልተከልኩም! አልተከልኩም!" አልኩ አለች። እነሱ ደግሞ እየተቀበሉኝ መልሰው ተከሉት።

ለአራት ሰው የተሠራ ድንኳን ነው። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን እያወለቁ፣ በዳዴ እየገቡ፣ በተራ በተራ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ። ዚፑ ለአንዱ አልከፈት ብሎት ውስጥ ቀረ፣ ሰው እያለቀሰ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ እናቴ በበቅሎ ደረሰች፤ ከኋላችን ተነስታ መንገድ ላይ ወሬው ደርሷት ነበር። ይህን ጊዜ ትረግመኛለች ብዬ ነበር። ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ጨርቁን በእጇ ዳሰሰችው። "ይህን ነው ያዘዘሽ?" አለች። "ይህን ነው" አልኳት። "ደግ አደረግሽ" አለች። "እኔ መትከል አቅቶኝ ነበር።" ከዚያ እንደ ልጅ ጭኔ ላይ ተኛች። እንድሪስ ይተኛል ባልኩበት በግራ በኩል ማንም እንዳይቀመጥ አደረግኩ፤ ሰው ቢጣበብም ማንም አልተቃወመኝም።

ፈቃዴ ሲያልቅ ወደ ጅዳ ተመለስኩ። ምን ላድርግ፣ ተመለስኩ። ክረምታቸው ሲመጣ ካራቫኑ ተጎተተ፣ ጥዱ መጣ፣ ጉሙ መጣ። ድንኳን ትከዪ ሲሉኝ ግን እጄ እምቢ አለ፤ ሰነፉ ሾፌር ያን ዓመት ሠራ። እነሱ ሥጋቸውን ሲጠብሱ እኔ ካራቫኑን እዞራለሁ፣ ደግሜ እዞራለሁ። ማዳም "ተቀመጪ!" ትላለች፤ ዳገቱን እያየሁ ነው እኮ፣ ማን እንደሚወጣ። ከዚያ ወዲህ እንደዚሁ ነኝ። ሄድኩ፣ መጣሁ፣ አገባሁ፣ ደግሞ ሄድኩ። መካነ ሰላም ስሆን የባሕሩ ሙቀት እንኳ ይናፍቀኛል፤ እዚያ ስሆን የአቀስታ ብርድ። ድንኳኑን ለቅሬው ሰጥቼው ነበር። ዓመታት ሙሉ የከተማውን ለቅሶ ተሸከመ፤ ከትልቁ ድንኳን ጎን ተተክሎ የዝናብ ቀን እቃ ይቀመጥበታል። በኋላ አይጥ በላው አሉ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተኛሁበትም፤ እሱም አልተኛበትም። ሲያበግነኝ የኖረው ይኸው ነው፤ ለምን እንደማልቀመጥ ስትጠይቁኝ ጉልበቴ ሲታጠፍ ያመኛል እላለሁ እንጂ።

ለዚያ ቁምጣ ለባሽ ጎረምሳ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። "ትንሽ ጋደም ልበልበት?" ብቻ አልኩት። "ኧረ በደስታ፣ እማማ!" ብሎ ፍራሹን አስተካከለልኝ። በግራ በኩል ተኛሁ። በጨርቁ ላይ የደመና ጥላ ያልፋል፤ ውጭ ልጆቹ በስልካቸው ዘፈን ከፍተው ይሳሳቃሉ፤ ከገደሉ ጭላዳው ይጮኻል። ቱናም ነበራቸው፣ ሽታው መጣ። "እንድሪስ፣ እንዲህ ነው እንግዲህ" አልኩት። ጉልበቴ አላመመኝም። ለምን ያህል ጊዜ እንደተኛሁ አላውቅም፤ ብቻ ያን ያህል ሳልንቀሳቀስ ቆይቼ አላውቅም።

ልጁ ነው የቀሰቀሰኝ። "እማማ፣ ይቅርታ፤ ሰዎች እየመጡ ነው። ምን አጥፍተን ይሆን?" አንገቴን አወጣሁ። ከታች ከአክስቴ መንደር፣ አክስቴ ካለፈች ቆይታለች፣ አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ፣ ሁለት ሴቶች ከኋላቸው፣ አንዷ ዳቦ ይዛ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ልጆቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ሁሉም አሉ፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ አንዷ ፀጉሯን ትሠራለች። ያኔ ነው ተነስቼ ጉብታው ጫፍ ላይ የሄድኩት። እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን ወጣ፦

"ማንም አልሞተም! ኑ፣ ግቡ! ማንም አልሞተም!"

ሽማግሌው ቆሙ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ትክ ብለው አዩኝ። ያኔ ሞሰብ እንደተሸከመው ሰውዬ ቀጭን ናቸው፤ ፂማቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል።

"አንቺ የእንድሪስ እህት አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ፣ አያ።"

"ያኔም እንዲሁ ብለሽን ነበር።"

"ብዬ ነበር" አልኳቸው። "ዛሬ ግን እውነቴን ነው።"

ልጆቹን ጠጋ ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱና፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።